ኦዲተር ከመሾማችሁ በፊት ስለ ዝምድናው ጠይቁ

በአክሲዮን ማኅበሮች የሂሳብ ክፍል ዓመታት ሠርቻለሁ። ኦዲተር ሲመረጥ ሁሉም ቀድሞ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው። እኔ ቀድሜ የምጠይቀው ሰውየው ማን እንደሆነ ነው።

መጀመሪያ ፈቃዱን እዩ። ኦዲተሩ ከኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ የተሰጠ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ መሠረቱ አዋጅ ቁጥር 847/2006 ነው። ፎቶ ኮፒ አይበቃም። ዋናውን አስመጡና በላዩ ያለውን ስምና ቀን በጣታችሁ እየተከተላችሁ አንብቡ።

ቀጥሎ ዝምድና ነው። አንድ ጊዜ የባለአክሲዮኖች ጉባኤ ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው፣ የታጨው ኦዲተር የቦርድ ሰብሳቢው የሚስት ወንድም መሆኑን ደረስንበት። ሰውየው ጎበዝ ባለሙያ ነበር። ግን አማቹ የፈረመበትን ወጪ እንዴት ብሎ ይጠይቃል? በሌላ ተካነው። ከዚያ ወዲህ የመሥራቾችን፣ የዳይሬክተሮችንና የሥራ አስኪያጁን ስም በአንድ ወረቀት ጽፌ ለዕጩው እሰጠዋለሁ። የትዳር፣ የሥጋም ሆነ የጋብቻ ዝምድና እንደሌለው በፊርማው ያረጋግጥልኛል።

ከድርጅቱ በሌላ ሥራ ደመወዝ ወይም ቋሚ ክፍያ የሚያገኝም አይሆንም። በተለይ መዝገባችሁን የሚሠራላችሁን ሰው ኦዲተር አታድርጉት፤ የገዛ ስህተቱን አያይም። ትንንሽ ድርጅቶች ወጪ ለመቆጠብ ብለው እዚህ ላይ ይወድቃሉ፤ በጣም ያሳዝነኛል።

በመጨረሻ ሹመቱን የሚሰጠው የባለአክሲዮኖች ጉባኤ ነው፤ ሥራ አስኪያጁ ብቻውን በደብዳቤ የሚጨርሰው ጉዳይ አይደለም። ቃለ ጉባኤው ላይ የኦዲተሩ ሙሉ ስምና የፈቃድ ቁጥሩ ይግባ።