ፋይናል ፋንታሲ የሚባለውን የቪዲዮ ጌም ስትጀምሩ አራቱን ሰዎች እንዴት ትመርጣላችሁ?

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖር ልጅ ሰሞኑን ስልኩን ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ ይዩልኝ፤ አራቱንም ብላክ ሜጅ አደረግኳቸው» አለኝ። ብላክ ሜጅ በአስማት የሚያጠቃ ተዋጊ ነው። እኔም ስጀምር ከዚህ ብዙ ያልራቀ ነገር ስላደረግኩ አብሬው ቁጭ ብዬ አስረዳሁት።

የመጀመሪያው ፋይናል ፋንታሲ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1987 የወጣ ነው። ገና ሲጀምር ከ6 ዓይነት ተዋጊዎች 4 ሰው ምረጡ ይላል፦ ዋርየር (በሰይፍ የሚዋጋ)፣ ቲፍ (ሌባ)፣ መንክ (በባዶ እጁ የሚዋጋ)፣ ሬድ ሜጅ (ሰይፍም አስማትም የሚችል)፣ ዋይት ሜጅ (በአስማት የሚያክም)፣ ብላክ ሜጅ። ከመረጣችሁ በኋላ ሰው መቀየር የለም።

ትልቁ ስህተት አስማተኛ ማብዛት ነው። መጀመሪያ ላይ በጣም ደስ ይላል፤ እሳቱና መብረቁ ጠላትን ባንዴ ይጥለዋል። ችግሩ አስማት በደረጃ የተከፋፈለ መሆኑ ነው። የእያንዳንዱ ደረጃ አስማት የሚሠራው ለተቆጠረ ጊዜ ብቻ ነው። ስትጀምሩ 2 ጊዜ ነው፤ የቱንም ያህል ብታድጉ ከ9 አያልፍም። እንደገና ለመሙላት ዋናው መንገድ ከተማ ተመልሶ ማደር ነው። እኔ ሦስት አስማተኛ ይዤ ማርሽ ኬቭ የሚባለው ዋሻ ገባሁ። መርዛም ፍጥረት የበዛበት ቦታ ነው። ገና ታችኛው ወለል ሳልደርስ አስማቴ አለቀ፤ አራቱም እዚያው ሞቱ። ውሃ በተራ የሚመጣበት ሰፈር የሚኖር ሰው ጀሪካኑን በጠዋት አይጨርስም፤ አስማትም እንደዚያው ነው። የዋርየር ሰይፍ ግን አያልቅም። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት በእጃቸው የሚዋጉ ሰዎች ያዙ።

ሌላው፣ ሰልፉን ችላ ማለት። ጠላት በግማሽ ያህሉ ጊዜ የሚመታው ከፊት ያለውን ነው። ሁለተኛውን ሩብ ያህል ይመታዋል። ለሦስተኛውና ለአራተኛው የሚደርሳቸው ስምንተኛ ስምንተኛ ብቻ ነው። ዋርየር ከፊት፣ ሁለቱ አስማተኞች ከኋላ ይሁኑ። ዋይት ሜጅን ከፊት ያቆመ ሰው ቁስል የሚያክምለትን ራሱ አሳልፎ ሰጠ ማለት ነው።

ገንዘብም አስቡ። አስማት በሱቅ ይገዛል፣ የዋርየር ጥሩርም ውድ ነው። መንክ ግን ካደገ በኋላ በባዶ እጁ ሲመታ ይበልጥ ስለሚያይል ኪሳችሁን ያሳርፋል።

ዛሬ የሚታየውን ብቻ አይታችሁም አትፍረዱ። ሬድ ሜጅ መጀመሪያ ሁሉን ይችላል፤ ኋላ ላይ ትልልቆቹን አስማቶች መማር ስለማይችል ይደክማል። ቲፍ ተቃራኒው ነው። ጌሙ ውስጥ የሚገኘውን የአይጥ ጅራት ይዛችሁ ለዘንዶዎቹ ንጉሥ ለባሃሙት ስታቀርቡ ኒንጃ ሆኖ ጥቁር አስማትም ይጀምራል።

የዚሁ ጌም አሥረኛ ክፍል በሆነው ፋይናል ፋንታሲ 10 ላይ ደግሞ ስህተቱ ሌላ ነው። 7 ሰው አለ፤ በአንድ ጊዜ የሚዋጋው 3 ነው። ብዙዎች የሚወዷቸውን ሦስቱን ብቻ ያሳድጋሉ። የሚበር ጠላት ሲመጣ ግን ከሰባቱ አንዱ ዋካ፣ ቅርፊቱ የጠነከረ ሲመጣ ሌላኛው አውሮን ያስፈልጋል። መሃል ውጊያ ላይ መቀየር ይቻላል፤ አንድ ጊዜ እንኳ ተራ የደረሰው ሰው ነጥብ ያገኛል። ስለዚህ ሁሉንም አስገቧቸው።

ልጁ እንደገና ጀመረ። ዋርየር፣ መንክ፣ ዋይት ሜጅ፣ ብላክ ሜጅ፤ በዚሁ ቅደም ተከተል።