መጻፍ ለጀመራችሁ፦ ማተሚያ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት

ልቦለድ መጻፍ ለጀመራችሁ ትንሽ ምክር ጣል ላድርግ።

በጀማሪ ጽሑፍ ላይ በብዛት የማየው ችግር ማስዋብ ነው። ገጸ ባሕሪው ገና ከቤት ሳይወጣ ፀሐይዋ፣ ደመናውና ወፎቹ አንድ ገጽ ይጨርሳሉ። ያንን ገጽ ቆርጣችሁ ታሪኩን ከሁለተኛው ጀምሩት። አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይጎድልም።

አማርኛ ደግሞ ማሰሪያ አንቀጹን የሚያመጣው መጨረሻ ላይ ነው። «ተነስቶ፣ ለብሶ፣ ታክሲ ይዞ፣ ሜክሲኮ ወርዶ…» እያላችሁ ከቀጠላችሁ አንባቢው እዚያ እስኪደርስ ማን ምን እንዳደረገ ይጠፋዋል። ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ትንፋሽ ያጠራችሁ ቦታ ላይ አራት ነጥብ አስገቡ።

ንግግርም እንደዚሁ። የመርካቶ ደላላ እንደ ዜና አንባቢ አያወራም። «አለ» የምትለዋንም ቃል አትናቋት፤ «ሲል በምሬት ተናገረ» ከሷ አይበልጥም።

«ሠ» ነው «ሰ» እያሉ በየመስመሩ መቆም ለኋላ ይቆይ። መጀመሪያ ጨርሱ።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ችኮላ ነው። በራስ ገንዘብ ማሳተም እኛ ጋ የተለመደ ነው። ኮፒው ሲበዛ የአንዱ ዋጋ ስለሚቀንስ ብዙ ማሳተም ያጓጓል፤ ካልተሸጠ ግን ካርቶኑ አልጋ ስር ይከርማል። ስለዚህ ረቂቁን አስቀድማችሁ ለማይሳሳላችሁ አንባቢ ስጡ። እናትና ጓደኛማ «አሪፍ ነው» ከማለት ውጭ ምን ይላሉ? እና እባካችሁ ስልክ ላይ ብቻ አታስቀምጡት። ለራሳችሁ በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ላኩት፤ ስልክ ይሰረቃል።