ኬብል በጫካ ከማሳለፋችሁ በፊት ሜትር ይዛችሁ ውጡ

መሬት ውስጥ የሚቀበር የኤሌክትሪክ ኬብል በጫካ ይለፍ ሲባል ሁሉም የሚቆጥረው የሚቆረጠውን ዛፍ ነው፣ እኔን ግን የሚያሳስበኝ ቆሞ የሚቀረው ነው። ሥሩ የተበጠሰ ትልቅ ዛፍ እኮ ወዲያው አይደርቅም፣ ዓመታት ለምለም መስሎ ቆይቶ ከጫፉ ይጀምራል፣ ያኔ ደግሞ ኮንትራክተሩ ሂሳቡን ተቀብሎ ከሄደ ቆይቷል።

መጀመሪያ ካርታው ላይ ሌላ መንገድ ፈልጉ፣ የመንገድ ዳር ወይ ድሮ የተከፈተ መስመር ካለ በሱ ይዙር፣ ቢረዝምም ይርዘም። መሬት ውስጥ ስለተቀበረ በላዩ ዛፍ ተመልሶ ይበቅላል ብላችሁ እንዳትሸወዱ። ሥር ኬብሉን ይጎዳል፣ ውሃውንም መጥጦ አፈሩን ያደርቃል፣ ደረቅ አፈር ደግሞ የኬብሉን ሙቀት ቶሎ አያስወጣም፣ ስለዚህ መስመሩ ሁሌም እየተመነጠረ ነው የሚኖረው። በዛ ክፍተት ፀሐይና ንፋስ ይገባል፣ ጥላ የለመደው ተክል ይጠፋል፣ አረም ይወርረዋል፣ ዳር የቀሩትን ዛፎች ንፋስ ይገነድሳቸዋል።

የግድ ከሆነ ግን እያንዳንዱን ዛፍ ለኩ። ከመሬት 1.5 ሜትር ከፍታ ላይ የግንዱን ዙሪያ ያዙ፣ ለ3.14 አካፍሉት፣ የወጣውን በ12 አባዙት። ዙሪያው 157 ሴንቲ ከሆነ ውፍረቱ 50 ሴንቲ ነው፣ በ12 ሲባዛ 6 ሜትር ይመጣል (ስሌቱ ግንባታ ሲካሄድ ዛፍ ስለሚጠበቅበት መንገድ የወጣው የእንግሊዞቹ ቢኤስ 5837 ስታንዳርድ ነው)። ከግንዱ 6 ሜትር ድረስ በየአቅጣጫው ኤክስካቫተር አይገባም፣ አፈር አይከመርም፣ መኪና አይቆምም። አጥር እጠሩበት፣ የኖራ መስመር በሁለተኛው ቀን ማንም አያየውም። ብዙዎች ሥር ወደ ታች ብቻ የሚሄድ ይመስላቸዋል፣ አብዛኛው ያለው ግን ከላይ 60 ሴንቲ ውስጥ ነው፣ ያው የኬብሉ ቦይ የሚቆፈርበት ቦታ ላይ።

ማሽን ከመግባቱ በፊት ደግሞ አንድ እፍኝ አፈር ጨብጡና ጨምቁ፣ እንደ ሊጥ ድብልብል ብሎ ከቀረ ዛሬ ሥራ የለም በሉ፣ ፎርማኑ ይቆጣ። እርጥብ አፈር በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ምልልሶች ነው የሚደደረው፣ ከዛ በኋላ አየርም ውሃም እንደልቡ አያስገባም። ወፎች ጎጆ በሚሠሩበት ወቅትም ምንጠራ አይታሰብ።

ቦዩ የግድ ዛፉ አጠገብ የሚያልፍ ከሆነ በእጅ ይቆፈር፣ ከአውራ ጣት የወፈረ ሥር ሲገኝ አትቁረጡት፣ ኬብሉን ከሥሩ በታች አሹልኩት። በጀት ካለ ደግሞ አግድም በድሪል ከሥሮቹ በታች ማለፍ ይሻላል፣ መግቢያና መውጫ ጉድጓዱ ብቻ ከአጥሩ ውጪ ይሁን። ድሪሉ የሚጠቀመው ቤንቶናይት የሚባል የሸክላ ጭቃ አንዳንዴ መሬቱን ሰንጥቆ ይወጣል፣ ወንዝ ቅርብ ከሆነ አንድ ሰው ቆሞ ይጠብቅ።

ስትቆፍሩ የላዩን ጥቁር አፈርና የታችኛውን ለየብቻ ከምሩ፣ ስትመልሱም በቅደም ተከተሉ። ቁልቁለት ላይ የተደፈነ ቦይ ዝም ብሎ ከተተወ የጫካውን ውሃ እንደ ቱቦ ያወርደዋል፣ በየመሀሉ በሸክላ አፈር ጠቅጥቃችሁ ዝጉት።