የሞዛይክ ሳሙናዬ ቁርጥራጮች መውለቃቸውን እንዴት አቆምኩት

የእናቴን የድሮ ቀሚስ ቀለሞች ሳሙና ላይ ማስቀረት ፈልጌ ሞዛይክ ሳሙና ሠራሁ፤ ማለትም ባለቀለም የሳሙና ቁርጥራጮች ደርድሬ የቀለጠ ነጭ ሳሙና አፈሰስኩባቸው። ግን ስቆርጠው ባለቀለሞቹ ቁርጥራጮች ከነጩ እየተላቀቁ ይወድቃሉ። የረጋ ሳሙና ፊቱ ልሙጥ ስለሆነ ከላይ የሚፈሰው አይይዘውም።

መፍትሔው ለቁስል ማጽጃ የሚሸጠው አልኮል ሆነ። ቁርጥራጮቹን በቢላ ጫፍ ጫር ጫር አድርጌ ደረደርኳቸው፣ ልክ ከማፍሰሴ በፊት አልኮል በደንብ ረጨሁባቸው፤ የቀለጠውን ነጭ ሳሙና ደግሞ ወደ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪወርድ ጠበቅኩት፣ ምክንያቱም በጣም ከጋለ ቁርጥራጮቹን ያቀልጣቸዋል፣ ከቀዘቀዘ ደግሞ ክፍተቱ ውስጥ ሳይገባ ይረጋል። አልኮል ቶሎ ይቀጣጠላል፣ እሳት አጠገብ እንዳትረጩት!

የምግብ ቀለምም አትጠቀሙ፣ ቀስ እያለ ወደ ነጩ ይሰርጋል። ማይካ ከሚባለው የሚያብረቀርቅ ማዕድን የሚሠራ የቀለም ዱቄት ግን ባለበት ይቆያል። አሁን አንድም ቁራጭ አይወልቅም፣ ያ የምወደው ቢጫም ጥርት ብሎ ይታያል።