«ሦስቱም ላይ የለም»፦ ከጎግል ውጭ ስንፈልግ የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት አንድ ጀማሪ ዘጋቢ ላፕቶፑን ታቅፎ መጣ። አንድ የቆየ መመሪያ ሲፈልግ ነው የሰነበተው። «ጋሼ፣ ቢንግ ላይ ፈለግኩ፣ ያሁ ላይ ፈለግኩ፣ ዳክዳክጎ ላይም ፈለግኩ። ሦስቱም ላይ የለም። መመሪያው የለም ማለት ነው» አለኝ። ሠንጠረዥ ሁሉ ሠርቷል፣ በቀለም የተለየ። ልጁን እወደዋለሁ፣ ትጉ ነው። ይህችን ዓረፍተ ነገር ግን ስንት ጊዜ እንደሰማኋት መቁጠር ትቻለሁ። ዛሬ ይውጣልኝ።

ስም እየቆጠሩ ምንጭ የቆጠሩ መምሰል

ልጁ ሦስት ቦታ አልፈለገም። አንድ ቦታ ሦስት ጊዜ ነው የፈለገው። ያሁ ውጤቱን የሚያገኘው ከማይክሮሶፍቱ ቢንግ ነው። ዳክዳክጎም የድረ ገጽ ውጤቶቹን በአብዛኛው የሚያመጣው ከዚያው ነው። መርካቶ ሦስት ሱቅ ጠይቆ «ዕቃው ከገበያ ጠፍቷል» ብሎ የሚመለስ ሰው አስቡ። ሦስቱም ባለሱቆች የሚረከቡት ከአንድ ጅምላ አከፋፋይ ነው። ከሌላ አከፋፋይ የሚረከብ ሱቅ ግን አልጠየቀም።

ሰርች ኢንጂን (እንደ ጎግል ያለ የኢንተርኔት መፈለጊያ) ስንል ሁለት ነገር ቀላቅለን ነው። አንዱ ጓዳው ነው፤ ኢንተርኔቱን እየዞረ ገጽ የሚለቅመው ሮቦትና የለቀመውን የሚያስቀምጥበት ኢንዴክስ። ሌላው እኛ የምናየው ሳሎን ነው፤ ሳጥኑ፣ ቀለሙ፣ ዓርማው። ጓዳው እጅግ ውድ ስለሆነ ብዙዎቹ ይከራያሉ። ግንቦት 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ቢንግ ሲቋረጥ ዳክዳክጎና ኢኮዚያ የተባለው ሰርች ኢንጂንም አብረው ተቋርጠዋል። ያን ቀን ብዙ ሰው ማን የማን ተከራይ እንደሆነ አወቀ።

ስለዚህ ማወዳደር ከፈለጋችሁ ከየጓዳው አንድ አንድ ውሰዱ። ጎግል አንድ። ከቢንግ ቤተሰብ ማንንም። ቀጥሎ ብሬቭ፤ በ2021 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ ከ2023 ወዲህ ያለ ቢንግ በራሱ ኢንዴክስ ይሠራል። የእንግሊዙ ሞጂክም የራሱ ሮቦት አለው፤ ኢንዴክሱ ግን ከትልልቆቹ በጣም ያንሳል። የሆላንዱ ስታርትፔጅ ደግሞ የሚታወቀው ማንነታችሁን ሸሽጎ የጎግልን ውጤት በማቅረብ ነው። ለምስጢር ጥሩ ነው። «ጎግል ያጣውን ስታርትፔጅ ያገኝልኛል» ብሎ መጠበቅ ግን ትርፉ ድካም ነው።

አንድ ፊደል

ይህን ስህተት እኔው ራሴ ሠርቼዋለሁ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅን፣ ቁጥር 1156/2011ን፣ ፈለግኩ። በችኮላ «አሰሪና ሰራተኛ» ብዬ ጻፍኩ፣ በእሳቱ ሰ። ያመጣልኝ ኮተት ነው። «ይሄ ሰርች ኢንጂን አማርኛ አይችልም» ብዬ ለባልደረቦቼ ሁሉ አወራሁ። ከወራት በኋላ በንጉሡ ሠ ስጽፈው ሌላ ዝርዝር መጣ። ወሬዬን ለማስተባበል ግን ዞሬ አልነገርኳቸውም፤ ይኸው አሁን ተናገርኩ።

ለእኛ ሰ እና ሠ አንድ ድምፅ ናቸው። ለኮምፒውተር ግን የተለያየ ኮድ ያላቸው ሁለት ፊደሎች ናቸው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እንደዚያው። እኩል የሚያያቸው ሰርች ኢንጂን አለ፣ የማያያቸውም አለ። ሁለቱንም አጻጻፍ ሳትሞክሩ «አማርኛ ይችላል፣ አይችልም» ብላችሁ አትፍረዱ። «ለሠራተኞች» ብላችሁ ካጣችሁ «ሠራተኛ» በሉት። ለአዋጅ ደግሞ ቁጥሩን በሁለቱም አቆጣጠር ሞክሩ፤ ያው አዋጅ በእንግሊዝኛው 1156/2019 ነው።

ፊደሉ ትክክል ሆኖም የሚጠፋ አለ። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል ኮድ ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት፣ በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ፋይል ለዓይን አማርኛ ነው፣ ከሥሩ ግን የላቲን ኮድ ነው። ስካን የተደረገ ነጋሪት ጋዜጣም ጽሑፉ በኮምፒውተር ተነቦ ወደ ፊደል ካልተቀየረ ፎቶ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ሰርች ኢንጂን መቀያየር ዋጋ የለውም። ወመዘክር፣ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ መሄድ ይሻላል።

ምልክቱ ሁሉም ጋ አንድ ነው ብሎ ማሰብ

ትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ያስገባችሁት ሐረግ እንዳለ ይፈለጋል ብላችሁ ታምናላችሁ። ዳክዳክጎ ግን በቂ ውጤት ካጣ ተቀራራቢውንም ያቀርብላችኋል። የመቀነስ ምልክትም እዚያ ቃሉን ጨርሶ አያጠፋውም፣ ያሳንሰዋል እንጂ። የእርዳታ ገጹን አንብቡ፣ አምስት ደቂቃ ነው።

ዳክዳክጎ ላይ የምወዳት ነገር ባንግ ናት። ቃለ አጋኖና የአንድን ድረ ገጽ ምሕጻር ስትጽፉ በቀጥታ እዚያ ትወስዳችኋለች። ታዲያ የጎግልን ባንግ ጽፎ «በዳክዳክጎ ስለፈለግኩ ማንም አያየኝም» የሚል አጋጥሞኛል። ወንድሜ፣ አሁን ያለኸው ጎግል ላይ ነው።

የብራውዘሩ ኢንኮግኒቶ (የግል መስኮት) እንዲሁ። ስልካችሁ ላይ ታሪክ አያስቀምጥም እንጂ የኢንተርኔት አቅራቢያችሁ የትኛውን ድረ ገጽ እንደከፈታችሁ ከማየት አያግድም።

ኢኮዚያ ዛፍ የሚያስተክለው ከማስታወቂያ በሚያገኘው ገቢ ነው። ማስታወቂያ ማገጃ ጭናችሁ ችግኝ አትቁጠሩ።

ከላይ የሚመጣውን የኤአይ ማጠቃለያ አታወዳድሩ። ሊንኮቹን አወዳድሩ።

ፎቶን እንደ ጽሑፍ መፈለግ

ለፎቶ ሌላ ሠልፍ ነው ያለው። የሩሲያው ያንዴክስ ሕንፃና ፊት በማመሳሰል ብዙ ጊዜ አስገርሞኛል። የካናዳው ቲንአይ ደግሞ ከፈለጋችሁ ውጤቱን ከቆየው ጀምሮ ይደረድርላችኋል፤ «ዛሬ የተነሳ» የተባለ ፎቶ ከዓመታት በፊት ወጥቶ ከነበረ ሊጋለጥ ይችላል። ብቻ የሚያሳየው ቀን ቲንአይ ፎቶውን ያገኘበት ነው። ፎቶው የተነሳበት ቀን ነው ብላችሁ እንዳትጽፉ፤ አንድ ጊዜ ለኅትመት ጥቂት ሲቀረው ነው የያዝነው።

የልጁ መመሪያ? ተገኘ። የመሥሪያ ቤቱ ቴሌግራም ቻናል ላይ ነበር፣ የፋይሉ ስም ቁጥር ብቻ። ቴሌግራም ውስጥ የተለጠፈ ፋይል ደግሞ ሰርች ኢንጂን ላይ እምብዛም አይወጣም። ሠንጠረዡን አልጣለውም። «ከማን ነው የሚወስደው?» የሚል ዓምድ ጨምሮበታል፣ ከጎኑም «ቴሌግራም» የሚል። እነሱንም ቀለም ቀብቷቸዋል።