የድሮ መኪናን ኤሲ ከአር 12 ወደ አር 134ኤ መቀየር፦ ለድሬዳዋ ሙቀት እንዲሆን

ሐረር ላይ መስኮት ዝቅ ማድረግ ይበቃል። የደንገጎን ተራራ ወርደው ድሬ ሲገቡ ግን ኤሲ የሌለው መኪና ውስጥ ቀትርን መቋቋም ከባድ ነው። ችግሩ የድሮ መኪኖች ኤሲ የተሠራው አር 12 ለሚባለው ጋዝ መሆኑ ነው። ይህ ጋዝ የኦዞን ሽፋንን ስለሚጎዳ በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት በታዳጊ አገሮችም ሳይቀር እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ምርቱ ቆሟል። ያለው አማራጭ አር 134ኤ ነው።

መኪናው እ.ኤ.አ. ከ1992 በፊት የተሠራ ከሆነ አር 12 ነው ብለው ይነሡ። ከ1992 እስከ 1995 ባሉት ሁለቱም ስለሚገኙ ኮፈኑን ከፍተው የኤሲውን መለያ ወረቀት ያንብቡ። ወረቀቱ ከጠፋ የጋዝ መሙያ አፉን ይዩ። የቱቦው ራስ በጥርስ የሚታሰርበት ቀጭን አፍ የአር 12 ነው፤ ወፈር ያለውና ተጭነው ጠቅ ሲል የሚይዘው የአር 134ኤ ነው።

ጋዙን ብቻ ቀይሮ መሙላት ርካሽ ይመስላል፤ ኮምፕሬሰሩን (ጋዙን የሚጨምቀውን ፓምፕ) የሚገድለውም እሱ ነው። የአር 12 ማዕድን ዘይት ከአር 134ኤ ጋር አይቀላቀልም። ጋዙ ሲዞር ዘይቱ ኢቫፖሬተር (የመኪናውን ውስጥ የሚያቀዘቅዘው ክፍል) ውስጥ ተኝቶ ይቀራል፣ ኮምፕሬሰሩ ደግሞ በደረቁ ይሠራል። ስለዚህ አስቀድመው እነዚህን ይግዙ፦ ኤስተር ዘይት፣ ለአር 134ኤ የተሠራ አዲስ ድራየር (እርጥበት የሚመጥ ማጣሪያ)፣ አረንጓዴ ኦሪንጎች (የመጋጠሚያ ጎማ ቀለበቶች)፣ የመሙያ አፍ መቀየሪያ፣ እና ግፊት ወደ 30 ባር ሲደርስ የኮምፕሬሰሩን ክላች የሚያጠፋ ስዊች። ፓግ የሚባለው ዘይትም ይሠራል፤ ግን ከአሮጌ ዘይት ቅሪት ጋር ስለማይስማማ ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ኤስተር ይሻላል።

የቀረ አር 12 ካለ አየር ላይ አይልቀቁት፤ መምጠጫ ማሽን ያለው ጋራዥ በሲሊንደር ይውሰደው። ከዚያ ኮምፕሬሰሩን ያውርዱና ዘይቱን ንጹሕ ኩባያ ውስጥ ገልብጠው ብርሃን ላይ ይዩት። ጥርት ያለ ከሆነ ጥሩ ነው። ጠቁሮ ውስጡ የሚያብለጨልጭ የብረት ብናኝ ካለ ኮምፕሬሰሩ እያለቀ ነውና፣ እሱን ሳይቀይሩ ሌላ ወጪ አያውጡ።

ኢቫፖሬተሩን፣ ኮንደንሰሩን (ከፊት ያለውን የጋዝ ማቀዝቀዣ) እና ቱቦዎቹን በኤሲ ማጠቢያ ፈሳሽ አጥበው በደረቅ ናይትሮጅን ያናፍሱ። ቤንዚንና ነጭ ጋዝ ቅሪት ስለሚተዉ አይሞከሩ። ኮምፕሬሰር፣ ኤክስፓንሽን ቫልቭ (ወደ ኢቫፖሬተር የሚገባውን ጋዝ የሚመጥነው) እና ድራየር ግን በዚህ ፈሳሽ አይታጠቡም። ኦሪንጎቹን በሙሉ ይቀይሩ፤ አዲሶቹን በኤስተር ዘይት ቀብተው ይግጠሙ። የአሉሚኒየም ቱቦ ሲፈቱም ሲያጠብቁም ሁለት ቁልፍ ይያዙ። በአንድ ብቻ ካጠበቁት ቱቦው አብሮ ይጠመዘዛል፣ ስንጥቁ የሚታየውም ጋዝ ከተሞላ በኋላ ነው። ድራየሩን ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ በመጨረሻ ይክፈቱት፤ ክፍቱን ካደረ እርጥበት ጠጥቶ ጥቅም የለውም።

የዘይቱ መጠን በመለያ ወረቀቱ ላይ ይገኛል፤ ለትናንሽ መኪኖች ብዙውን ጊዜ ከ150 እስከ 240 ሚሊ ሊትር ነው። ግማሹን ኮምፕሬሰሩ ውስጥ፣ ቀሪውን ኮንደንሰሩና ድራየሩ ውስጥ ያፍስሱ። ቺንጋውን ከማሰርዎ በፊት የኮምፕሬሰሩን እምብርት በእጅ 10 ጊዜ ያህል ያዙሩት፤ ሲሊንደር ላይ የተጠራቀመ ዘይት ካለ ቫልቭ ሊሰብር ይችላል።

ፍሳሽ ለመፈተሽ ናይትሮጅን እስከ 150 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) አስገብተው መጋጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ ይቀቡ። የጎሚስታ አየር እርጥበት ስላለው አይጠቀሙበት። ከብየዳ ቤት ኦክስጅን መዋስ ደግሞ ሕይወት ያስከፍላል፤ ኦክስጅን ከዘይት ጋር በግፊት ሲገናኝ ይፈነዳል።

ቀጥሎ ቫክዩም ነው፤ በፓምፕ ውስጡን አየርና እርጥበት መምጠጥ፤ ቢያንስ 45 ደቂቃ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የጥገና መጽሐፉ ጌጁ (የግፊት መለኪያው) ወደ 30 የሜርኩሪ ኢንች ይወርዳል ይላል፤ ያ ግን ባሕር ጠረፍ ላይ ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ፍጹም ቫክዩም እንኳ 26 ኢንች አካባቢ ይቆማል፤ ሐረር ላይ 24 ገደማ። ፓምፑ ደከመ ወይም ፍሳሽ አለ ብለው ቱቦ መፍታት አይጀምሩ። የጌጁን ቫልቮች ዘግተው ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ፤ ጌጁ ካልተነሣ ደህና ነው። የድሬ ሙቀት እዚህ ላይ እንኳ ያግዛል፦ ውስጥ የቀረ ውኃ በቫክዩም ቶሎ ይተናል።

ከመሙላትዎ በፊት የሲሊንደሩን ጋዝ ይፈትሹ። ከጥላ ሥር 30 ዲግሪ ላይ ያደረ ንጹሕ አር 134ኤ ወደ 100 ፒኤስአይ ያሳያል። 160 ካሳየ የቤት ኤሲ ጋዝ የሆነው አር 22 ሊሆን ይችላል፤ የመኪናው ቱቦ ያን ግፊት አይችለውም። ከምግብ ማብሰያ ጋዝ የተቀየጠ ግን ግፊቱ ሊመሳሰል ስለሚችል በጌጅ ብቻ አይለይም፤ የታሸገ ሲሊንደር ከሚታመን ሻጭ ይግዙ። መነጽርና ጓንት ያድርጉ፤ ፈሳሹ ከዜሮ በታች በ26 ዲግሪ ይፈላል።

መጠኑ በሚዛን ይለካል፦ ከአር 12 መጠን ከ80 እስከ 85 በመቶ። ወረቀቱ 900 ግራም ካለ ከ720 እስከ 765 ግራም ይበቃል። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ የመጀመሪያውን ጋዝ ያስገቡ፤ ቀሪውን ሞተሩን አስነሥተው፣ ሲሊንደሩን ቀጥ አድርገው አቁመው፣ በዝቅተኛው ግፊት በኩል ብቻ ቀስ እያሉ ይሙሉ። ሞተር እየሠራ የከፍተኛውን ግፊት ቫልቭ መክፈት ሲሊንደር ያፈነዳል። በኤሲው መመልከቻ መስታወት የሚታየው አረፋ እስኪጠፋ እየሞሉ አይሂዱ፤ ያ ዘዴ የአር 12 ነው፣ እዚህ ትርፍ ጋዝ ያስገባል።

35 ዲግሪ ባለ ቀን፣ ሞተሩ 1,500 ዙር ላይ ሆኖ፣ ከፍተኛው ከ210 እስከ 240፣ ዝቅተኛው ከ30 እስከ 40 ፒኤስአይ ቢሆን ደግ ነው። ሙከራው ግን ከዚራ በሚባለው የድሬ ሰፈር ጥላ ሥር ሳይሆን ፀሐይ ላይ፣ መኪናው ቆሞ ይሁን። የጋዙን ዓይነት፣ ዘይቱንና ግራሙን ጽፈው ኮፈኑ ሥር ይለጥፉ፤ ቀጣዩ መካኒክ አር 12 አለ ብሎ እንዳይቀላቅል።

እየነዱ ቀዝቅዞ ሲቆሙ የሚሞቅ ከሆነ ጋዝ አይጨምሩ። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ኮንደንሰሩ ላይ ውኃ ይርጩ። ግፊቱ ፈጥኖ ወርዶ ነፋሱ ከቀዘቀዘ ጥፋቱ የኮንደንሰሩ ነው፦ አር 134ኤ ከአር 12 የበለጠ ስፋት ያለው ኮንደንሰር ይፈልጋል። ክንፎቹን ከአቧራ ያጽዱ፣ ፊት ለፊቱ የኤሌክትሪክ ፋን ይጨምሩ፤ ካልበቃ አሮጌውን በአዲሱ ዓይነት፣ ጠፍጣፋ ቱቦዎቹ ጎን ለጎን በተደረደሩት ኮንደንሰር ይተኩት። ደንገጎን ሲወጡ የሞተሩ ሙቀት መለኪያ ከፍ ካለ ኤሲውን ለጥቂት ደቂቃ ያጥፉት።