ካምፕ ፎር፦ በዮሰሚቲ አለት የሚወጡ ሰዎች ሰፈር እንዴት እንደሚታደር

ካሊፎርኒያ፣ ዮሰሚቲ ሸለቆ ውስጥ የሚገኘው ካምፕ ፎር እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ ታሪካዊ ቦታዎች ብሔራዊ መዝገብ የሰፈረው ለሕንጻው ተብሎ አይደለም። እነ ሮያል ሮቢንስና ዋረን ሃርዲንግ የመሰሉ ታዋቂ አለት የሚወጡ ሰዎች ገደሉን ከመውጣታቸው በፊትም በኋላም ያደሩበት ስለሆነ ነው። ዛሬም ዋና እንግዳው አለት የሚወጣው ሰው ነው።

ሰው በሚበዛባቸው ወራት ቦታ የሚያዘው ሪክሪኤሽን ዶት ጎቭ በተባለው የአሜሪካ መንግሥት ድረ ገጽ ነው። ቦታው የሚለቀቀው ሳምንት ሲቀረው ስለሆነና ወዲያው ስለሚያልቅ መለያዎን አስቀድመው ይክፈቱ። ቀኖቹ በየዓመቱ ስለሚቀያየሩ ገጹን ይመልከቱ። በቀሩት ወራት ቀድሞ የደረሰ ይይዛል። ክፍያው የሚታሰበው በአዳር በነፍስ ወከፍ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ እስከ 6 ሰው ያድራል። ብቻዎን ከመጡ ከማያውቋቸው ጋር ይመደባሉ፤ ስለዚህ ትንሽ ድንኳን ይያዙ። ከሜይ 1 እስከ ሴፕቴምበር 15 በሸለቆው ውስጥ ከ7 ሌሊት በላይ ማደር አይቻልም። መኪና ውስጥ መተኛትም ክልክል ነው፤ ዕቃው ከመኪና ማቆሚያው በሸክም ይገባል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ምግብ ላይ ነው። ድብ የመኪና በር ገንጥሎ ይገባል፤ የሚከተለው ደግሞ ሽታን ነው። በርበሬው፣ ንጥር ቅቤው፣ የጥርስ ሳሙናው፣ ቅባቱ፣ ባዶ ጣሳው ሳይቀር ሁሉም ካምፑ ውስጥ ወዳለው፣ ድብ ወደማይከፍተው የብረት ሳጥን ይግባ፤ መዝጊያውም እስኪያዝ ይገፋ። በእጅዎ እያበሰሉ ካልሆነ በቀር ቀንም ክፍት አይተዉት። ሳጥኑን ከጎረቤት ጋር ስለሚጋሩት ትልቅ የበረዶ ሳጥን አይመከርም። የሰው ምግብ የለመደ ድብ መጨረሻው መገደል ሊሆን ስለሚችል ጥንቃቄው ለእሱም ነው።

የገመድ ጓደኛ፣ ማለትም ገመድ እየያዘልዎ አብሮዎት የሚወጣ ሰው፣ የሚገኘው ከካምፑ ማስታወቂያ ሰሌዳ ነው። ቀኑን፣ ያለ ጭንቀት ፊት ሆነው የሚመሩትን የአወጣጥ ክብደት ደረጃ፣ ያለዎትን ገመድና መሣሪያ፣ የድንኳንዎን ቦታ ቁጥር ይጻፉ። ደረጃዎን አያጋኑ። አዲሱን ጓደኛ መጀመሪያ በአቅራቢያው ባለው ስዋን ስላብ በተባለ አለት፣ አጭርና ቀላል መውጫ ላይ ይፈትኑት፦ ቋጠሮውን፣ ገመድ አያያዙን፣ የሚጠራራበትን ቃል።

ካምፑ ውስጥ ያለው ኮሎምቢያ ቋጥኝ ላይ አለት የሚወጣው ሮን ካውክ እ.ኤ.አ. በ1978 መጀመሪያ የወጣው፣ ያለ ገመድ የሚወጣ ሚድናይት ላይትኒንግ የተባለ መውጫ አለ። አስቸጋሪው ጫፉ ላይ በመዳፍ ተገፍቶ መውጣቱ ሲሆን ውድቀቱም ከዚያ ከፍታ ነው፤ ፍራሽ ያንጥፉ፣ የሚጠብቅ ሰው ያቁሙ፣ ሲጨርሱ እጅ እንዳያንሸራትት የሚቀባውን ቾክ ከአለቱ ላይ በብሩሽ ያጽዱ።

ገደል ላይ ለማደር ካሰቡ የተለየ ፈቃድ ያስፈልጋል። ዓይነ ምድርም ወደ ታች አይጣልም፤ በተዘጋ ዕቃ ይዘውት ይወርዳሉ።